«ጥድ» ብቻ የተጻፈበት ከረጢት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደብረ ታቦር ነው። ከስድስት ጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን ችግኝ እናፈላለን። ባለፈው ጥር ከአንድ ነጋዴ አራት ኪሎ የጥድ ዘር ገዛን። ከረጢቱ ላይ በማርከር «ጥድ» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈበትም። ወራት ጠበቅን፣ የበቀለው ግን ካሰብነው በጣም ያነሰ ነው። ይባስ ብሎ የወረዳው ባለሙያ መጥቶ ሲያየው «ግማሹ የፈረንጅ ጥድ ነው» አለን። ችግኙን ያዘዘን አንድ ደብር ነው። እነሱ የሚፈልጉት የሐበሻውን ነው። ነጋዴውን ስንጠይቀው «ጥድ አላችሁ፣ ጥድ ሰጠኋችሁ» ይለናል። ዘር ሻጭ ከረጢቱ ላይ እንዲጽፍ የሚያስገድደው ሕግ የለም? ገንዘባችንስ ይመለሳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዛፍ ዘር ቤተ ሙከራና በችግኝ ጣቢያ ነው። ስም ብቻ የተጻፈበትን ከረጢት አውቀዋለሁ።

ከስሙ ልጀምር። በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ዛፎችን ጥድ እንላለን። አንዱ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምታየው፣ የአገራችን የሆነው ነው። በሳይንስ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል። ሁለተኛው የፈረንጅ ጥድ የምንለው ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ ነው፤ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ። በመጽሐፍ ደግሞ ፓይነስ የሚባለውን ሌላ ዛፍ ጭምር ጥድ ብለው የሚተረጉሙ አሉ። የሌላ አገር የዛፍ ዘር ሕግ «ሳይንሳዊ ስሙን ጻፍ» የሚለው ለዚህ ነው። የላቲኑ ስም ለታይታ የተጨመረ አይደለም። ያ ስም ከረጢቱ ላይ ቢኖር ኖሮ ነጋዴው ዛሬ የሚደበቅበት ቀዳዳ አያገኝም ነበር።

ዘሩን በመዳፍህ ላይ አድርገህ መለየትም ትችላለህ። የሐበሻው ጥድ ፍሬ እንደ ቤሪ ለስላሳ ነው፤ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል። ውስጡ ያለው ዘር ጠንካራ፣ ወፈር ያለና ማዕዘን ያለው ነው። የፈረንጁ ፍሬ እንጨት የሚመስል ድቡልቡል ሲሆን፣ ዘሩ ጠፍጣፋ፣ ደቃቅና ቀላል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ጊዜ ካየሃቸው ከዚያ በኋላ አያደናግሩህም።

አሁን ወደ ሕጉ። በአገራችን የዘር አዋጅ ቁጥር 782 በ2005 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2015 ደግሞ በአዲስ አዋጅ ተተካ። ዘር አምርቶ፣ አዘጋጅቶ ወይም አስመጥቶ የሚነግድ ሰው የብቃት ማረጋገጫ ይዞ መሥራት እንዳለበት የሚለው ሐሳብ ከዚያ የመጣ ነው። በ2005ቱ አዋጅ አነስተኛ አርሶ አደሮች ከማሳቸው ያስቀሩትን ዘር ቢለዋወጡ ወይም እርስ በርስ ቢሸጡ አይነካቸውም። ስለዚህ ጎረቤትህ ከጓሮው የለቀመውን አንድ ጣሳ ቢሰጥህ ጥፋተኛ አይደለም።

እኔ ግን የዘር ሕጋችንን ሳነብ የሚሰማኝ አንድ ነገር አለ። ሲጻፍ በዓይነ ኅሊና የታየው ስንዴ፣ በቆሎና ጤፍ ነው። ለሰብል ዋናው ጥያቄ «ዝርያው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ዝርያው ይመዘገባል፣ ይለቀቃል፣ ስሙ ከረጢቱ ላይ ይሰፍራል። የኮሶ፣ የዋንዛና የጥድ ነገር ከዚህ ይለያል። አብዛኛው የዛፍ ዘራችን የተለቀቀ ዝርያ የለውም። ያለው እናት ዛፍና አገር ነው። ለዛፍ ዋናው ጥያቄ «ከየት ተለቀመ?» ነው። በ2,900 ሜትር ከፍታ ላይ ከበቀለ እናት ዛፍ የተለቀመ ዘርና በ1,900 ሜትር የተለቀመ ዘር ስማቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው አንድ አይደለም። አንዱ ውርጭ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ገና ወጣት ሳለሁ የምሠራበት ችግኝ ጣቢያ ግራቪሊያ እንድናፈላ ታዘዝን። ጊዜው ጠቦ ነበር። በግቢው በር ላይ አንድ ትልቅ ግራቪሊያ ነበረ። ዘበኛው ከዚያች አንዲት ዛፍ ለቅሞ ሰጠን። ቀኑን አልጻፍኩም፤ ከስንት ዛፍ እንደተለቀመም አልጻፍኩም። ችግኙ መደቡ ላይ አማረ፤ ለገበሬም ታደለ። ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያው ቀበሌ ሳልፍ አንድ አባት እጄን ይዘው ወደ እርሻቸው ዳር ወሰዱኝ። ዛፎቹ ቆልማማ ናቸው። ከታች ጀምረው ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍለዋል። ለሳንቃ የሚሆን ግንድ አልነበራቸውም። «ልጄ፣ ይህ ዘር ከየት ነበር የመጣው?» አሉኝ። የምሰጣቸው ወረቀት አልነበረኝም። እናቲቱ ዛፍ ራሷ ቆልማማ መሆኗን አስታውሼ ዝም አልኩ። እኚያ አባት የአሥራ አምስት ዓመት መሬታቸውን ነው ያጡት። የጤፍ ዘር ቢበላሽ በዓመቱ ታውቃለህ፤ ለከርሞ ሌላ ትዘራለህ። ዛፍ ግን እውነቱን የሚነግርህ ልጅህ ትምህርት ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ከረጢት ላይ ስላለው ጽሑፍ ይህን ያህል የምጨነቀው።

እንግዲህ ከረጢቱ ላይ ምን መኖር ነበረበት? ሳይንሳዊ ስሙ፤ የአማርኛውም ቢጨመር ጥሩ ነው። የተለቀመበት ቦታ ከወረዳውና ከከፍታው ጋር። የተለቀመበት ወርና ዓመት። ከስንት እናት ዛፍ እንደተለቀመ። እኛ የምንከተለው ልምድ ቢያንስ ከ25 እስከ 30 ዛፍ፣ አንዱ ከሌላው ከ50 እስከ 100 ሜትር ተራርቆ ነው። ተጠግተው የቆሙ ዛፎች እህትማማች ሊሆኑ ይችላሉና። የሎት ቁጥርም ያስፈልጋል፤ ይህ የዚያ ለቀማ መታወቂያ ማለት ነው። በመድኃኒት የታሸ ከሆነ ያ በትልቁ መጻፍ አለበት፤ ዶሮና ልጅ ባለበት ቤት ቀልድ አይደለም። ከዚያ የቤተ ሙከራው ውጤት ይመጣል፦ ንጽህና ከመቶ፣ ብቅለት ከመቶ፣ በኪሎ ስንት ፍሬ እንዳለና የተመረመረበት ቀን።

እነዚህን ቁጥሮች ሰው እንደ ጌጥ ያያቸዋል። አንተ ግን ዘር ከመግዛትህ በፊት አባዛቸው። ለምሳሌ ወረቀቱ በኪሎ 40,000 ፍሬ፣ ንጽህና 90 ከመቶ፣ ብቅለት 30 ከመቶ ይላል እንበል። አርባ ሺው በዘጠና ከመቶ 36,000 ይሆናል። ከዚያ ውስጥ 30 ከመቶው ሲበቅል 10,800 ነው። ከአንድ ኪሎ የምትጠብቀው ይህንን እንጂ አርባ ሺ አይደለም። ደብሩ 20,000 ችግኝ ካዘዘህ ሁለት ኪሎ ለጥቂት ይበቃል። በመደብ ላይ የሚሞተውን ስትጨምርበት ግን አይበቃም። ይህን ሒሳብ አስቀድማችሁ ሠርታችሁ ቢሆን ኖሮ «ካሰብነው ያነሰ» የምትሉት ነገር ምን ያህል ጥፋት፣ ምን ያህል የዛፉ ጠባይ እንደሆነ ታውቁ ነበር።

የሐበሻ ጥድ ባዶ ፍሬ የሚበዛበት ዛፍ ነውና። ልባሱ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጽንስ የለውም። ተለቅሞ የታጠበውን ዘር ውኃ ውስጥ ብትነክረው ባዶው ይንሳፈፋል፣ ሙሉው ይሰጥማል። ሐቀኛ ዘር ለቃሚ ይህን ሳያደርግ አይሸጥም። ስለዚህ የበቀለላችሁ ማነሱ ብቻውን ነጋዴውን ሌባ አያሰኘውም። የፈረንጁን ቀላቅሎ መሸጡ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ገንዘባችሁ እንነጋገር። ብዙ ሰው «የሸማቾች ጥበቃ አለ» ይላል። እውነት ነው፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። ነገር ግን ያ አዋጅ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። እናንተ አፍልታችሁ ልትሸጡ ነው የገዛችሁት። ስለዚህ የእናንተ መንገድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ የሚለው ነው። ሻጭ የተስማሙበትን ዕቃ ማስረከብ አለበት። ገዢ ደግሞ የተረከበውን ቶሎ መርምሮ፣ ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ይቺ «ሳይዘገይ» የምትለው ናት ብዙ ሰው የምትጥለው። ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቁት። የባለሙያውን አስተያየት በፊርማና በማኅተም ተቀበሉ። ከከረጢቱ የተረፈ ዘር ካለ በፖስታ አሽጋችሁ ምስክር ፊት ፈርሙበት። ከረጢቱን አትጣሉት። ከዚያ በሽማግሌ ሞክሩ። ካልሆነ የሕግ ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ።

ለሚቀጥለው ግን እንዲህ አድርጉ። ስትገዙ አንድ ገጽ የሽያጭ ወረቀት ይኑር፤ ከላይ የዘረዘርኩት ይጻፍበት። ከዘሩ ሁለት እፍኝ ውሰዱና በሁለት ፖስታ አሽጉ። ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንዱን ሻጭ፣ አንዱን እናንተ አስቀምጡ። ይህን ስትጠይቁት የሚያኮርፍ ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል፤ ሌላ ቦታ ሂዱ። አዲስ አበባ ጉርድ ሾላ ያለው የደን ምርምር ማዕከል ለዓመታት ዘር ሲያዘጋጅና ሲመረምር የኖረ ቤት ነው፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ደን ልማት ሥር ነው። በፈረንጆች 2017 ደግሞ ከዓለም አቀፉ የአግሮፎረስትሪ ማዕከል ጋር በኖርዌይ ድጋፍ የተጀመረ የዛፍ ዘር ፕሮጀክት ነበረ። ሥራው የዘር ምንጮችን መለየትና ለዘር ተብለው የሚተከሉ የዛፍ እርሻዎችን ማቋቋም ነበር። በአረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል የሰማ ሰው ሁሉ «ዘሩስ ከየት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር።

እናንተ ያላችሁበት አገር ደግሞ የታደለ ነው። ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደን ያለበት አገር ነው። ደብሩን አስፈቅዳችሁ፣ ከካህናቱ ጋር ሆናችሁ እዚያው ከቆዩት ጥዶች ብትለቅሙ ለዚያ ምድር የተስማማ ዘር ታገኛላችሁ። አንድ ደብር ጥቂት ዛፍ ብቻ ካለው ከሁለት ሦስት ደብር ለቅማችሁ አዋህዱ። ሁሉንም ጻፉ። የራሳችሁ መለያ ወረቀት ያላችሁ ዘር አቅራቢ ትሆናላችሁ፤ ይህ ደግሞ ከችግኙ የበለጠ ገበያ ሊኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ የምኖረው ጀርመን፣ ሃምቡርግ አጠገብ ነው። የደን ችግኝ በሚያፈላ ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እዚህ እያንዳንዱ የችግኝ እስር ላይ መለያ ወረቀት አለ፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሌላም። ባለፈው ሳምንት ከአንድ እስር ወረቀቱ ወድቆ ጠፋ። አለቃዬ እስሩን ሙሉ ለይቶ አስቀመጠውና አትሽጡት አለ። ችግኙ ጤነኛ ነበር! ለአንዲት ወረቀት ይህን ያህል ማካበድ አልበዛም?

መልስ፦ እህቴ፣ አልበዛም። አለቃሽ ትክክል ነው።

እዚያ የሚሠራበት ሕግ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 1999/105 ነው። በ1999 መጨረሻ ወጥቶ ከ2003 መጀመሪያ ጀምሮ ተግባር ላይ ውሏል፤ ጀርመንም የራሷን ሕግ በዚያው ልክ አውጥታለች። ዘሩ ጫካ ውስጥ ከተለቀመበት ሰዓት ጀምሮ ዋና የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የዚያ ወረቀት ቁጥር ዘሩ ችግኝ ሆኖ፣ ተነቅሎ፣ ታስሮ፣ መኪና ላይ ተጭኖ እስኪተከል ድረስ አይለየውም። ቁጥሩ ከጠፋ ያ ችግኝ አባቱም እናቱም የማይታወቅ ሆነ ማለት ነው። ጤነኛ መሆኑ ከየት እንደመጣ አይነግርሽም።

ቀለሞቹ ደግሞ ይህንን ነው የሚሉሽ። ቢጫ ማለት ምንጩ ይታወቃል፤ ከዚህ አካባቢ ነው የተለቀመው፤ ከዚያ በላይ ግን ቃል አልገባም ማለት ነው። አረንጓዴ ሲሆን ባለሙያ ጫካውን በዓይኑ አይቶ፣ ቀጥ ያለና ጤነኛ መሆኑን መርጦ አጽድቆታል። ሮዝ ብዙውን ጊዜ ለዘር ተብሎ ከተመረጡ ዛፎች ከተቋቋመ እርሻ የመጣ ነው። ሰማያዊው ከፍተኛው ነው፦ ልጆቹ በሙከራ ማሳ ተተክለው፣ ከሌላው ጋር ተወዳድረው ብልጫቸው ተረጋግጧል። አሜሪካኖችም ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን በተቀራራቢ ትርጉም ይጠቀማሉ። ኦኢሲዲ የሚባለው የአገሮች ማኅበርም ለደን ዘር ዓለም አቀፍ ንግድ የሚሆን ሥርዓት አለው፤ ጎረቤታችን ኬንያ ገብታበታለች። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ቢጫውን ነው። ሐቀኛ ስለሆነ። «የማውቀው ይህን ያህል ነው» ይልሻል። ለአገራችን ችግኝ ጣቢያዎች ቢጫው ብቻ በቅጡ ቢሠራ እንኳ ግማሹን መንገድ ሄደናል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ጥንቃቄ ያመጣው ጉዳት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስዊድን ውስጥ ከጀርመን የመጣ ርካሽ የፓይነስ ዘር በብዛት ተዘራ። ዛፉ ለሰሜኑ ብርድ አልተፈጠረምና ጠመመ፣ ታመመ። ስዊድኖች እስከ ዛሬ «የጀርመን ፓይን» ብለው የሚጠሩት መጥፎ ትዝታ ነው። ያን ጊዜ ከረጢቱ ላይ ያለ ጽሑፍ ከየት እንደመጣ በግልጽ ቢናገርና የሚሰማው ቢኖር ብዙ ጫካ ይድን ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የምትሠሪበት ቤት የዘሩን መዝገብ እንዴት እንደሚይዝ በደንብ አጥኚ። ሎቶች እንዴት ሳይቀላቀሉ እንደሚቀመጡ፣ መደብ ላይ ታግ የት እንደሚተከል፣ ሲነቀል ማን እንደሚፈርም። አገር ቤት የሚጎድለን ማሽን አይደለም፣ ይህ ልማድ ነው። አንድ ቀን ስትመጪ ብታስተምሪን ባለውለታችን ነሽ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። በቅርቡ ጎጃም ሄጄ እናቴ ቤት ጓሮ ካለው ኮሶ ዘር ይዤ ልመለስ አስቤ ነበር። በኪሴ ይዤ ብገባ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ጋሼ፣ በኪስዎ ይዘው እንዳይገቡ። ችግሩ በሁለቱም በኩል ነው።

ከዚህ ሲወጡ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። የአገሪቱን የእፅዋት ሀብት ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ሕጉ የወጣው ሀብታችን በፖስታ እየተላከ በሌላ ስም እንዳይመዘገብ ነው። የእናትዎ ጓሮ ኮሶም የዚያ ሀብት አካል ነው።

እዚያ ሲገቡ ደግሞ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የሚሰጠው የአነስተኛ መጠን ዘር ፈቃድ አለ። ለዚያም መለያ ወረቀት ይጠይቃል፦ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የለቃሚው ወይም የላኪው ስም፣ የመጣበት አገርና ሳይንሳዊ ስሙ፤ የኮሶ ሃጌንያ አቢሲኒካ ነው። በአንድ ፓኬት ከ50 ፍሬ ወይም ከ10 ግራም አይበልጥም፤ በአንድ ጭነት ከ50 ፓኬት አይበልጥም። አፈርና ነፍሳት የሌለበት ንጹሕ ዘር መሆን አለበት። ሳይጓዙ ማመልከቻውን ይላኩ፤ መሥሪያ ቤቱ ለኮሶ የሚጨምረው ሁኔታ ካለ ያኔ ይነግርዎታል።

ሌላው፣ ኮሶ የደጋ ዛፍ ቢሆንም አፈር የሚያቀዘቅዝ ክረምት አያውቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ደጅ ቢተክሉት የሚተርፍ አይመስለኝም። በትልቅ ማሰሮ፣ ክረምቱን ቤት አስገብተው ሊሞክሩት ይችላሉ። ኮሶ ደግሞ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው። አንድ ብቻ ከበቀለልዎ ዘር አይሰጥዎትም። ዘሩ ሲለቀም የሴቲቱ ዛፍ ቅርብ ወንድ እንደነበራት ማየትዎን አይርሱ፤ ከሌለ ፍሬው ባዶ ሊሆን ይችላል። እናትዎ ጓሮ ሄደው ሲያዩት ያንን ጭምር ይጻፉልኝ።